መኪናው ሲጮኽ ማንን ይከተላል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። መኪና በዚህ ረገድ ከሰው የተሻለ ታማሚ ነው፤ ሕመሙን አይደብቅም። ያንኳኳል፥ ያፏጫል፥ ያጉረመርማል። ችግሩ ያለው ከሰሚው ዘንድ ነው። አንዱ ራዲዮኑን ከፍ አድርጎ ድምፁን ይሸፍነዋል፤ ሌላው ደንግጦ ወደ ጋራዥ ይሮጥና «መኪናዬ ይጮኻል» ይላል። ይህ ደግሞ ለሐኪም «አሞኛል» ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ሁሉ ግምት ይሆናል፤ የግምቱንም ዋጋ የሚከፍለው ታማሚው ነው።

ይህን ጉዳይ በተማሪዎች መጽሔት ላይ ማንሣት ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ከመካከላችን ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ያረጀ መኪና የተረከበ፥ ወይም ሦስትና አራት ሆኖ በአንድ አሮጌ መኪና የሚመላለስ ጥቂት አይደለም። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2024 በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት ማገልገላቸው አይቀርም። የተማሪን ኪስ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ዳዶ በማጥበቅ የሚድን መኪና «ሞተሩ ይውረድ» ከተባለ የዓመቱ ገንዘብ በአንድ ቀን ያልቃል። ከዚህ የሚብሰው ግን ተቃራኒው ነው። «ያረጀ መኪና መጮኹ መች ይቀራል» ተብሎ የተናቀ ድምፅ ጎማ በመንገድ ላይ ያስወልቃል፤ ተሳፋሪንም በጭስ ይመርዛል።

ለምሳሌ የምንወስደው ያንን ጀርባው የጎበጠውን ቮልስዋገን ነው። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፥ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም አልጠፋም። የመጨረሻው ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ስለሆነ፥ በመንገድ ላይ ያለው ሁሉ ከሃያ ዓመት በላይ ያስቈጠረ ነው፤ ብዙዎቹም የሃምሳና የስድሳ ዓመት ሽማግሌዎች ናቸው። ሁለተኛ፥ ሞተሩ፥ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ሁሉም ከኋላ፥ እርስ በርሳቸው ተያይዘው የተቀመጡ ናቸው። በዚህ ምክንያት ነጂው «ከኋላ ይጮኻል» ከማለት በቀር በጆሮው ብቻ አንዱን ከሌላው ሊለይ አይችልም። ብረት ድምፅን ከአየር እጅግ በበለጠ ፍጥነት ስለሚያስተላልፍ፥ ከአንድ ጥግ የተነሣው ድምፅ በመላው የመኪናው ገላ ውስጥ ይዞራል። እንግዲህ በቮልስዋገን ላይ መለየትን የተማረ ሰው በሌላው መኪና አይቸገርም።

ጥያቄውን ስለ መለወጥ

አብዛኛው ሰው ድምፅ ሲሰማ የሚጠይቀው «ምን ይመስላል?» ብሎ ነው። አንዱ «እንደ መዶሻ» ይላል፤ ሌላው ያንኑ ድምፅ «እንደ ቁልፍ ማንኳኳት» ይለዋል። ምሳሌ እንደ ሰሚው ይለያያል፤ ስለዚህ አያስተማምንም። መጠየቅ ያለበት «ድምፁ ማንን ይከተላል?» ነው። በመኪና ውስጥ ድምፅ የሚከተላቸው አራት ጌቶች አሉ፤ እነርሱም የሞተሩ ዙር፥ የጎማው ዙር፥ ጭነትና ሙቀት ናቸው። ጭነት ስንል የተሳፈረውን ዕቃ ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ዳገት ሲወጣ ወይም ቤንዚን ሲረገጥ ሞተሩ የሚገፋውን ኃይል ጭምር ነው። ድምፁ ከአራቱ የትኛውን እንደሚከተል ያወቀ ሰው፥ ስሙን ባያውቀው እንኳ፥ የተበላሸው ዕቃ ያለበትን ሰፈር አገኘ ማለት ነው።

ይህን ለማወቅ በቤተ ሙከራ የተማርነውን ሕግ እንጠቀማለን፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሙከራዎቹ አራት ናቸው።

ፊተኛው ሙከራ በቆመ መኪና ነው። የእጅ ፍሬን ስባችሁ፥ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን አስነሡ። በሚኒሞ ላይ እንዳለ አድምጡ፤ ከዚያ ቤንዚን ቀስ እያላችሁ ስጡት። መኪናው ሳይንቀሳቀስ የሚሰማ ድምፅ የጎማ ወይም የዲፈረንሻል ሊሆን አይችልም፤ እነርሱ ቆመዋልና። የቀሩት ሞተሩ፥ በሞተሩ ላይ የተንጠለጠሉት ዕቃዎች፥ ፍሪሲዮኑና የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ሙከራ የፍሪሲዮን ነው። መኪናው እንደ ቆመ የፍሪሲዮኑን መርገጫ እስከ መጨረሻው ርገጡ። በዚህ ጊዜ ካምቢዮው ከሞተሩ ይለያል። ሲረገጥ የሚጠፋና ሲለቀቅ የሚመለስ ማጉረምረም ወደ ካምቢዮው የሚገባውን ዘንግ የያዘው ኩሽኔታ መበላቱን ያመለክታል። በአንጻሩ ሲረገጥ የሚጀምርና ሲለቀቅ የሚጠፋ ጩኸት ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ነው። ሁለቱን ማምታታት ያስከፍላል፤ አንደኛው ካምቢዮ ያስከፍታል፥ ሁለተኛው ሞተሩን አውርዶ አንድ ዕቃ በመለወጥ ያልቃል።

ሦስተኛው ሙከራ በሚሄድ መኪና ነው። መኪና በማይበዛበት ሜዳማ መንገድ ላይ ድምፁ እስኪሰማ ፍጠኑ፤ ከዚያ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሹን ዜሮ አድርጉና መኪናው በራሱ ይንከባለል። ቁልፉን ግን ከቶ አታጥፉ፤ መሪ የሚቈልፍ መኪና አለና። ሞተሩ ወደ ሚኒሞ ሲወርድ ድምፁም አብሮ ከወረደ ጌታው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ዝግ ብሎም ድምፁ ከመኪናው ፍጥነት ጋር ከቀጠለ ጌታው የጎማው ዙር ነው፤ ምርመራውም ወደ ጎማ፥ ወደ ጎማ ኩሽኔታና ወደ ዲፈረንሻል ይዞራል።

አራተኛው ሙከራ የጭነት ነው። በአንድ ማርሽና በአንድ ፍጥነት ስትሄዱ ቤንዚን ርገጡ፥ ከዚያ እግራችሁን አንሡ። ድምፁ ሞተሩ ሲገፋ ብቻ ወይም መኪናው ሞተሩን ሲጎትተው ብቻ የሚሰማ ከሆነ፥ ጥርስ ለጥርስ የሚነካካ ዕቃ ወይም የላላ መጋጠሚያ አለ ማለት ነው።

መቍጠርም ይጠቅማል

ሒሳብ የሚወድ ጓደኛችን ይህን ይጨምር። የቮልስዋገን ሞተር በሚኒሞ ላይ በደቂቃ 850 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ይህም በሴኮንድ 14 ዙር ነው። እያንዳንዱ ቫልቭ ግን የሚከፈተው ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ስለሆነ፥ የአንድ ቫልቭ ማንኳኳት በሴኮንድ 7 ጊዜ ነው። የጎማው ዙሪያ ደግሞ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ስንሄድ በሴኮንድ 10 ሜትር እንጓዛለን፤ ጎማውም 5 ጊዜ ይዞራል። በዚሁ ፍጥነት በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ በሴኮንድ ከ25 እስከ 30 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ በጣት ሊቈጠር የሚችል ዝግተኛ «ቋ፥ ቋ» የጎማ እንጂ የሞተር ሥራ አይደለም። ይህን ያህሉን ለማወቅ ሰዓትና እርሳስ ይበቃል።

የሞተሩ ድምፆች

ምርመራ የሚጀመረው ከርካሹ ነው። ፉጨትና ጭረት ሲሰማ መጀመሪያ ቺንጋው ይታይ። በቮልስዋገን ላይ ቺንጋው ዲናሞውን ያዞራል፤ ሞተሩን በአየር የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያም በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መርገብ ይገባዋል፤ ከዚያ በላይ ከረገበ ይንሸራተታል። ጥርጣሬ ካለ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቺንጋውን አውልቁና ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ አስነሡት። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የዲናሞው ወይም የማራገቢያው ነው፤ ሞተሩ ነጻ ነው። ማራገቢያ ስለሌለው ግን ሞተሩን በዚህ ሁኔታ ማቈየት አይገባም።

ቀጭን፥ ፈጠን ያለና የማያቋርጥ «ጠቅ ጠቅ» ብዙ ጊዜ የቫልቭ ነው። በ1300፥ በ1500 እና በ1600 ሞተሮች ላይ ክፍተቱ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይደረጋል፤ በቀደሙት ላይ መጠኑ ስለሚለያይ የየራሳቸውን መጽሐፍ ማየት ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጥቂት የሚንኳኳ ቫልቭ ደኅና ነው፤ የሚያስፈራው ጸጥ ያለው ነው። ክፍተቱ ከጠፋ ቫልቩ ጠበቅ ብሎ አይዘጋም፤ ካልዘጋ ሙቀቱን ለቴስታታው ማስረከብ ስለማይችል ይቃጠላል። በተለይም እ.ኤ.አ. እስከ 1970 ገደማ በተሠሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን ሲሊንደር አየር ስለሚሻማ፥ በግራ በኩል ወደ መኪናው ፊት ያለው የዚህ ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ቀድሞ ይጎዳል። «መኪናዬ ድምፅ አጠፋ፥ ተሻለው» ብሎ የሚደሰት ሰው የቫልቩን ክፍተት ያስለካ።

የቫልቭን ድምፅ የሚመስል ሌላ አለ፤ ይኸውም ከማርሚታው መጋጠሚያ የሚያፈተልክ ጭስ ነው። ልዩነቱን ጭነትና ሙቀት ይነግሩናል። የቫልቭ ድምፅ በዳገትም በሜዳም እንዳለ ነው፤ የጭሱ ግን ዳገት ላይ ይበረታል፥ ብረቱ ሞቆ ሲለጠጥ አንዳንድ ጊዜ ይቀንሳል። ይህን ድምፅ መናቅ አይገባም። የቮልስዋገን የውስጥ ማሞቂያ አየሩን የሚያሞቀው በጭስ ቱቦዎቹ ዙሪያ አሳልፎ ስለሆነ፥ ቱቦው ከተሰነጠቀ ሽታና መልክ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሙቀቱ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። በክረምት ሌሊት መስኮት ዘግተው ማሞቂያ ከፍተው የሚሄዱ አራት ተማሪዎች ራስ ምታትና እንቅልፍ ከተጫጫናቸው ድካም ነው ብለው አይለፉት። ወዲያው መስኮት ይክፈቱ፥ ማሞቂያውን ይዝጉ፥ ቆመውም ይውረዱ።

ዳገት ላይ ቤንዚን ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ፥ በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንቀጫቀጭ ሽምብራ ያለ ድምፅ የቤንዚኑ ያለ ሥርዓት መቀጣጠል ነው። ይህ ድምፅ ከአገራችን መልክዐ ምድር ጋር ልዩ ግንኙነት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነም እዚህ ድምፁ አይሰማም ይሆናል። ያው መኪና 1,000 ሜትር ገደማ ወዳለው ወደ አዋሽ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፥ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ያን ጊዜ መንቀጫቀጩ ይጀምራል። «መንገዱ ሞተሬን ጎዳው» አይባልም፤ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ቀድሟል ማለት ነው። ያስተካክሉት፥ እስኪስተካከልም ማርሽ ቀንሰው ቀስ ብለው ይውጡ። ቸል ከተባለ ፒስተን ይበሳል።

አሁን ወደ ከባዶቹ እንምጣ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ድፍን ማንኳኳት ብዙ ጊዜ የፒስተን መላላት ነው፤ የእርጅና ምልክት ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ያስኬዳል። ሲሞቅ የሚብስ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በቢየላው መያዣ ያለው ብረት ተበልቶ ከሆነ የቀጠነው ዘይት ክፍተቱን አይሞላውም። ለማረጋገጥ ሞተሩን አጥፍታችሁ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ንቀሉ፤ ጫፉ ከሞተሩ ብረት ጋር እንዲገናኝ አድርጋችሁ ለጥቂት ሴኮንድ አስነሡት፤ እንዲህ እያላችሁ አራቱንም ሞክሩ። አንዱ ሲነቀል ማንኳኳቱ በግልጽ ከቀነሰ በሽተኛውን ሲሊንደር አገኛችሁት። ይህ መኪና ከዚያ ቦታ በመጎተት እንጂ በመነዳት መሄድ የለበትም።

ነገር ግን «ቢየላ ነው» ብሎ ሞተር ከማስፈታት በፊት አንድ ምርመራ ይቀራል። በሚኒሞ ላይ የሚሰማ ከባድ ማንኳኳት ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከተለወጠ ወይም ከጠፋ፥ ዋናው የሞተር ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መጫወት ጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ የታችኛውን የቺንጋ ጎማ በሁለት እጅ ይዞ መግፋትና መሳብ ነው። የተፈቀደው እንቅስቃሴ ከ0.15 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በዓይን የሚታይ ከሆነ ከልክ አልፏል። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት መላላቱ ነው። ይህን ብረት የሚይዘው መካከል ላይ ያለው አንድ ባለ 36 ሚሊ ሜትር ዳዶ ሲሆን፥ የሚጠብቀውም በአንድ ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ግራም እንደ ማንጠልጠል ባለ ኃይል ነው። በጊዜው ከተደረሰበት ሞተሩ ይወርዳል እንጂ አይፈታም። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትልቅ ነው።

የካምቢዮና የጎማ ድምፆች

በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ የሚሰማ ጩኸት የዚያ ማርሽ ጥርስ ነው። በሁሉም ማርሽ የሚሰማና ቤንዚን ሲረገጥና ሲለቀቅ ቃናውን የሚለውጥ ከሆነ ወደ ዲፈረንሻሉ ያመለክታል። በሁለቱም ጊዜ ግን መጀመሪያ ዘይቱ ይታይ። የቮልስዋገን ካምቢዮ መለኪያ ዘንግ የለውም፤ በጎኑ ያለው ብሎን ተፈትቶ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው አፍ መድረሱ ይታያል። ይህን ብሎን ለዓመታት ነክቶ የማያውቅ ብዙ መኪና አለ። ማርሽ ሲወጣ ወይም ሲነሣ «ዷ» የሚል ከሆነ ደግሞ ካምቢዮው የተቀመጠባቸው ጎሚኒዎች ተቀደው እንደሆነ መመልከት ነው፤ ጎሚኒ ከካምቢዮ ይረክሳል።

የጎማውን ዙር የሚከተል ተመሳሳይ ጉርምርምታ ሲሰማ በሰፊ ቦታ ላይ ቀስ ብላችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጠምዝዙ። ወደ ግራ ሲዞር ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይጋደላል። ስለዚህ ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚበረታ ጉርምርምታ የቀኙን ጎማ ኩሽኔታ ያስጠረጥራል፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚበረታውም የግራውን። ከአስፋልት ወደ ኮረት ሲወጣ የሚለወጥ ከሆነ ግን የጎማው ላስቲክ ራሱ ነው።

በመጨረሻም ሕይወትን የሚመለከተው አለ። ቀስ ብሎ ሲኬድ ከጎማው ጋር የሚቈጠር «ቋ ቋ»፥ ወይም መኪናው ሲነሣና ፍሬን ሲያዝ አንድ ጊዜ የሚሰማ «ቀጭ» ካለ ወዲያው ቁሙ። የጎማው ብሎኖች ላልተው፥ ወይም የኋላውን ጎማ በመካከሉ የሚይዘው ትልቅ ዳዶ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ይህም ዳዶ 36 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚጠብቀው ከላይ በተነገረው ኃይል ነው፤ በእጅ መፍቻ «ጠበቅ አደረግሁት» ማለት አይበቃም። በዚህ ቦታ ስንፍና ጎማን ከመኪናው ቀድሞ እንዲሄድ ያደርጋል።

ለመካኒኩ ምን እንበል?

እንዲህ ከመረመርን በኋላም ቢሆን መካኒክ መሆናችን አይደለም። የጋራዥ ሰው ከእኛ የሚበልጥ እጅና ልምድ አለው፤ ያለ መጽሐፍም የጣሊያንኛውን ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ማርሚታና ቴስታታ የአማርኛ ቃል አድርጎ ሙያውን ያስተማረን እርሱ ነው። ከእኛ የሚፈልገው ምስክርነት ነው። በወረቀት ላይ አምስት ነገር ጽፋችሁ ሂዱ፤ መኪናው ቆሞ ይሰማል ወይስ ሲሄድ ብቻ? ፍሪሲዮን ሲረገጥ ምን ይሆናል? በዜሮ ማርሽ ሲንከባለል ይቀጥላል? ቤንዚን ሲረገጥና ሲለቀቅ ልዩነት አለው? ሲቀዘቅዝ ይብሳል ወይስ ሲሞቅ? በዚህ ላይ መቼ እንደ ጀመረና ከዚያ በፊት ምን እንደ ተሠራ ጨምሩ፤ ብዙ ድምፅ የሚጀምረው ከትናንትናው ጥገና ነውና።

ይህን ወረቀት ይዞ የሚመጣን ባለ መኪና ሐቀኛው መካኒክ በደስታ ይቀበለዋል፤ ሐቀኛ ያልሆነውም «ሞተሩ ይውረድ» ከማለቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዓመታት የምንማረው ነገር ቢጠቀለል ይኸው ነው፤ በደንብ መመልከት፥ አንድ በአንድ መለየት፥ ያገኙትን በትክክል መናገር። ይህን በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ አውቆ በገዛ መኪናው ፊት የሚደነግጥ ሰው ትምህርቱን ገና ከደብተሩ አላወጣውም። እጅን ዘይት ማስነካት ለተማረ ሰው ነውር አይደለም፤ በሳሙና ይለቃልና።